ጭራዋ የረጠበ ቀበሮ

ጥቅምት 12፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ፀጉሯን ጎነጎንኩ። ጎነጎንኩ ከተባለ። ልጄ ሲፈን አምስት ዓመቷ ነው፣ ፀጉሯ ግን የሦስት ሴት ነው። እናቷ ጫልቱ ለወሬ እንኳ ሳይበቃ ትጨርሰው ነበር።

ዛሬም እናቷን ጠየቀችኝ፤ ሃርሜ፣ እማዬ፣ ከአ.አ. መቼ ትመጣለች? ሐኪሞቹ ሲለቋት አልኳት። ማስታወሻዬ፣ አንተ ታውቃለህ። ጫልቱን ከቀበርናት አራት ወር ሞላ። ልጅቷ ለቅሶውን እንዳታይ አርጆ፣ አያቷ ጋ አሸሸናት። እናትሽ ለሕክምና ሄዳለች ያልናት ሁላችንም ነን። ካመጣኋት ወዲህ ግን ውሸቱን በየቀኑ የማሞቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከቁርስ በኋላ የጨርቅ ቀበሮዋን አቀፈች። ጫልቱ ከሰልባጅ ክምር ያነሳችልኝ ናት። ለእኔ፣ ለሽማግሌው! ስለ ልጅነቴ የቀበሮ ካርቱን ፊልም ስለማወራ ልትስቅብኝ። አንድ ዓይን አልነበራትም፤ ከገዛ ሹራቧ ቁልፍ ነቅላ ሰፋችላት። እኔም ፊልሙን ለሲፈን ነገርኳት። እናት ቀበሮ ምግብ ፍለጋ ወንዝ ትሻገራለች፣ ጎርፍ ይመጣል፣ ግልገሏ ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ እናት ጭራዋ ረጥቦ ትመለሳለች። ሲፈን ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ገና ዛሬ።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ፊልሙን በቀን አራቴ ታስተርከኛለች። ጭራዋን ብርድ መታው? ማን አደረቀላት?

መብራት ስለጠፋ ፎቶ ኮፒ ቤቴን ዘግቼ ገባሁ። በሩ ሥር ፎጣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ለሃርሜ ነው አለችኝ፣ ረጥባ ነው የምትመጣው።

ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ምን ዓይነት አባት ነኝ?

ጥቅምት 18፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9

ፊልሙ ተገኘ። ገበያው ጋ ፊልም በፍላሽ የሚጭነው ጉራጌው ባለ ሱቅ ፈልጎ አገኘልኝ። ከቤ/ክ መልስ ተቀመጥን፤ እሷ፣ ቀበሮዋ፣ እኔ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሞኙ።

ጎርፉ መጣ። ግልገሏ ጠበቀች። በረዶ ወረደ፣ ቀለጠ። አደገች። ወንዙን ብቻዋን ተሻገረች። አለቀ።

እናትየው አልመጣችም።

ቆይቶ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ፣ ዲጋ ከተማ፣ ቪዲዮ ቤት። ፊልሙን በኦሮምኛ እየተረጎመ የሚያሳየን ሰውዬ ነበር። መጨረሻው ሳይደርስ መብራት ጠፋ፣ እኛ ልጆቹ አለቀስን፣ እሱ ጨለማው ውስጥ ቆሞ የቀረውን በአፉ ጨረሰልን። ያን እርጥብ ጭራ በዓይኔ ያየሁት ይመስለኝ ነበር እኮ። ለካ የሰማሁት ነው። ይህን ያህል ዓመት።

ሲፈን አላለቀሰችም። ቲቪው ተሳስቷል አለች። አባ፣ አንተ በትክክል ጨርሰው።

ጨረስኩት። ምላሴ በተቆረጠ። ጭራዋ ረጥቦ መጣች ብዬ ጨረስኩት።

ጥቅምት 19፣ ሰኞ

አርጆ ደወልኩ። አኮ፣ የጫልቱ እናት፣ ለልጅ መርዶ አይነገርም አለች፤ ስታድግ ራሷ ይገባታል። ከዚያ ስልኩ ላይ አለቀሰች።

ለአዋቂ ሰው ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። ዘመድ ዙሪያውን ይቀመጣል፤ ሲወድቅ የሚይዘው አለ። ለአምስት ዓመት ልጅ በር የሚያንኳኳ የለም። ቆማ ትጠብቃለች እንጂ።

ከሰዓት ዘነበ። ሲፈን ፎጣውን ቀየረችው። የረጠበውን ሰጥታኝ ደረቅ አስቀመጠች።

በቃኝ።

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ፣ ንጋት 11 ተኩል

ዛሬ አረዳታለሁ። ሽማግሌውም እኔው፣ ዘመዱም እኔው። ሞታለች እላታለሁ፣ በዚሁ ቃል፤ ሄደች አልልም፣ ተኛች አልልም። ፊልሙ ልክ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላታለሁ። ትጠላኝ ይሆናል። ትጥላኝ።

ፎጣውን ከበሩ ሥር አነሳሁት። ትከሻዬ ላይ ነው፣ ታልቅስበት።

ነቃች። ቀበሮዋን ጎትታ መጥታለች። በሩን ነው የምታየው። ፎጣው የት ሄደ ትላለች። ነይ ልበላት። ነይ