ሰሎሜ ሕፃኑን ያዘለችበት ሥዕል

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

አባዬ፣ ከተለዩን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የሙት ዓመት ተዝካርዎን በደንብ አውጥተናል። እናቴ ደህና ናት፤ ወባውም ዘንድሮ ቤታችንን አልፎ ሄዷል። የጣሪያውን ሣር አስቀይረናል። ቀለም ይበጠብጡባቸው የነበሩት ሸክላዎች ግን ካስቀመጡበት አልተነሡም፤ እናቴ ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካቸው አትፈቅድም።

ዛሬ የምጽፍልዎ የቤተ ክርስቲያናችን የደቡብ ግድግዳ ሥዕል ከምን እንደ ደረሰ ልነግርዎ ነው። ከተለጠፈ በኋላ ቆመው ያዩት አንድ እሑድ ብቻ ነውና።

ቀኝ እጅዎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከእናቴና ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። በወንዶቹ በኩል ያለውን ግድግዳ ጨርሰው በሴቶቹ በኩል ያለው የደቡቡ፣ የእመቤታችን የግብፅ ስደት፣ ቀርቶ ነበር። ሥዕሉ የሚሣልበትን አቡጀዲ እቤት ወጥረን፣ እርስዎ መስመሩን በጣትዎ እያሳዩኝ እኔ ቀባሁት። ፊደል ያስቆጠሩኝ በሥዕል ግርጌ በሚጻፈው ጽሕፈት ነበር፤ ብሩሽ መያዙንም ከእግርዎ ሥር ስቀመጥ ሳይታወቀኝ ተምሬው ኖሯል። እመቤታችን በአህያ ላይ፣ ዮሴፍ ከፊት፣ ሰሎሜ ሕፃኑን አዝላ ከኋላ። ሦስት ወር ፈጀብን።

ሲያልቅ እርስዎ ለደብሩ አለቃ የማን እጅ እንደ ሠራው እነግራለሁ አሉ። «አባዬ፣ አይንገሯቸው፤ ሴት የሣለችው ነው ብለው ይመልሱታል» ብዬ እግርዎ ላይ ወደቅሁ። እርስዎ ግን «በእግዚአብሔር ቤት ግድግዳ ላይ ውሸት አልለጥፍም» አሉኝ። ያን ቀን ተቀይሜዎት ነበር። በሕይወት ሳሉ ስላልነገርኩዎት አሁን ይወቁልኝ።

አለቃ መጥተው ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስትሥዪ ጾመሽ ነው?»

«አዎን፣ አባቴ።»

«ምን አስበሽ ሣልሽው?»

«ሴቶቹ ልጅ አዝለው ከኋላ ይቆማሉ። ግእዙ አይገባቸውም፤ ግማሾቹ አማርኛውንም ገና እየለመዱ ነው። ይህን ግን ያዩታል ብዬ ነው» አልኋቸው።

አለቃ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው «እንግዲህ ለእሑድ ይለጠፍ» ብለው ወጡ። እርስዎ መደቡ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔ ደግሞ ሳቅሁ፤ ምን እንዳሳቀኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እርስዎ ያላዩት ከዚህ ወዲህ ያለውን ነው። አዴ ጫልቱን ያስታውሷቸዋል፤ ከገጠር ወተት ይዘው ባቡር ጣቢያው የሚመጡትን፣ ከልጆቻቸው ጋር የተጠመቁትን። እርስዎ ባረፉ በሁለተኛው ወር ከቅዳሴ ስንወጣ አዴ ጫልቱ እጄን ይዘው ወደ ሥዕሉ መለሱኝና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሕፃን እኮ ይወድቃል!» አሉኝ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ለካ ሰሎሜ ያዘለችበት ጨርቅ በትከሻዋ ዞሮ ደረቷ ላይ ታስሯል እንጂ የሕፃኑን መቀመጫ አልያዘም። እኛ ከአሮጌው የሥዕል መጽሐፍዎ እንዳለ ቀድተነዋል፤ ያን መጽሐፍ የሣለው ሰው ልጅ አዝሎ አያውቅም መሰለኝ። አዴ ጫልቱ የጎረቤታቸውን ሕፃን ተቀብለው፣ አዝለው፣ ዞር ዞር እያሉ አሳዩኝ። እኔም አለቃን አስፈቅጄ መሰላል ላይ ወጣሁና ጨርቁን ዝቅ አድርጌ አስተካከልሁት።

አሁን አራሶች ሳይቀሩ ከክርስትና በኋላ መጀመሪያ የሚቆሙት እዚያ ነው። አዴ ጫልቱ ሄሮድስ ያደረገውን ሁሉ በኦሮምኛ ይነግሯቸዋል። አንዳንዴ ድምፃቸው ከፍ ይልና ዲያቆኑ ይቆጣቸዋል፤ እሳቸውም እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆይተው ይቀጥላሉ። አንዲት ሴት እያለቀሰች የሰሎሜን እግር ስትስም አይቻለሁ። አባዬ፣ ያን ጊዜ ያልዋሹልኝ ለካ ለዚህ ኖሯል ብዬ ደስ አለኝ። ተደብቆ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ያን ጨርቅ ላስተካክል መሰላል ላይ እንዴት እወጣ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከቡልቡላ ሁለት ቄሶች መጥተው የደቡቡን ግድግዳ ሠዓሊ ጠየቁ። እናቴ «ይህችው ናት» አለቻቸው። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ግን አልሄዱም። ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያናቸው የጌታን ልደት እንድሥልላቸው ተስማምተናል። ከመስቀል በኋላ ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ። እርስዎ የሌሉበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነውና አልፎ አልፎ ያስፈራኛል፤ ግን ደስታው ይበልጣል።

ዓይን የሚሣለው ከሁሉ በኋላ ነው፣ አቡነ ዘበሰማያት ሳትደግሚ እንዳትነኪው፣ ከዚያ በኋላ የሚያይሽ እሱ ነው ይሉኝ ነበር። እንደዚያው አደርጋለሁ። በጸሎቱ ላይ ጨምሬም የክርስትና ስምዎን እጠራለሁ። እጄ ብሩሽ እስከያዘ ድረስ፣ ስምዎን ሳልጠራ አንድ ዓይን አልሥልም።

ልጅዎ
አዳማ