ሶላሩ ላይ የተሰጣ ባሚያ

ውድ እናቴ እማማ ታይቱ፣

ይህን ደብዳቤ ልጅዎ ወንጌል ታነብልዎታለች። ድምፅዋን ከፍ ታድርግ፤ ጆሮዎም ደከም ብሏል፣ ጎረቤት ቢሰማም አይከፋኝም።

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው በሚያዝያ ሙቀት ማራገቢያ አናቴ ላይ እየዞረ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣሁ ነው የምጽፍልዎ። ሸሕዲ ከተማ፣ በወንጌል ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሙቀቱ እንቅልፍ እንደነሳዎና መመለስ እንደሚፈልጉ ባለቤቴ ነግሮኛል። «እናቴ ናት፤ የቤቱ እመቤት ግን አንች ነሽ። እሺ ካልሽ እሁድ አመጣታለሁ» አለኝ ደረበ። መምጣትዎ በእኔ አፍ ላይ ወደቀ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ግን የምነግርዎ አለ።

ጥቅምት ላይ ሶላሩን ስናስተክል፣ ባለሙያው ሙኽታር አራቱን ፓኔሎች ጓሮ፣ የብረት መቆሚያ ላይ ዝቅ አድርጎ አሰራቸው፤ አቧራው ሲበዛ ለማጠብ እንዲመች። ጀነሬተሩም ደመና ሲሆን መጠባበቂያ እንዲሆነን ዳሱ ሥር ቀረ። እርስዎ በርጩማዎ ላይ ሆነው «መስታወት ተክሎ መብራት ጥበቃ» ብለው ሳቁብን።

ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው ገና ሳይመሽ ይሞት ጀመር። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ሸተተ። ደረበ ቀን ሰሊጥ ሲያሳጭድ ውሎ፣ ማታ ጀሪካን ይዞ ቤንዚን ፍለጋ ይንከራተታል። እርስዎ ደግሞ ለመጣ ለሄደው «እግሯ ከባድ ነው። ይህች ሴት የገባችበትን ቤት ፀሐይ እንኳ ይሸሸዋል» ይላሉ። መውለድ እምቢ ሲለኝም ያሉት ይህንኑ ነበር። ሙኽታር በየምሽቱ እየመጣ ይፈትሽና «ዕቃው ጤነኛ ነው፤ በምልልስ የታመምሁትስ እኔ ነኝ» ብሎ ይሄዳል።

እኔ ግን በሦስተኛው ቀን ደርሼበታለሁ። ረፋድ ላይ ቁልፍ ረስቼ ከሱቅ ስመለስ፣ ለወይካ፣ ለደረቅ ባሚያ ወጥ፣ የከተፉትን ባሚያ ፓኔሎቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲያሰጡ አየሁ። እርግጥ ለማድረቂያ ይመቻል፤ ለስላሳ ነው፣ ይግላል፣ ዶሮም አይደርስበትም። ደረበ ከእርሻ ሳይመለስ ሰብስበው ያነሱታል። ፀሐዩን እየከለሉ መሆኑን እርስዎ አላወቁም። እኔ አወቅሁ፤ ዝም አልሁ።

ዝም ብቻ ብል ደግ ነበርሁ። ከዚያ ወዲያ ባሚያውን በእጥፍ እየገዛሁ ያመጣሁልዎ፣ «እናቴ፣ ለወንጌልም ይትረፋት» ያልሁዎ ለምን ይመስልዎታል?

ሁለት ሳምንት እየረገሙኝ ጠበቅሁ። ከዚያ ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ምሳ ጠራሁና ሙኽታርን «ዛሬስ በቀትር ና» አልሁት። ጓሮ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ እፍኝ ሙሉ ባሚያ ይዞ ነበር።

«እማማ፣ ፀሐይዋን ወጥ ሊሠሯት ነው እንዴ?» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ደረበም ሳቀ። እርስዎ ነጠላዎን አፍዎ ላይ አድርገው «አላወቅሁም፣ ልጆቼ» አሉ። በነጋታው ወደ ሸሕዲ ሄዱ። አንጀትዎን የቆረጠው የልጅዎ ሳቅ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን ያጠገበኝም እሱ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፤ ይምጡ። ክፍልዎ ግን ተይዟል። ሙኽታር «ባትሪ ሙቀት አይወድም፣ ቶሎ ያረጃል» ስላለኝ ባትሪዎቹን እዚያ አስገብቼ ማራገቢያ አስገጥሜላቸዋለሁ። የእርስዎን አልጋ ዳሱ ሥር፣ ከጀነሬተሩ አጠገብ ዘርግቻለሁ። ጭሱ ወደ አጥር ነው የሚሄደው፤ ነፋስ ካልዞረ አይደርስብዎትም።

ደረበ ትናንት አልጋውን አይቶታል። አልፎት ገባና እራቱን ጠየቀኝ።

እሁድ እንገናኝ።

ምራትዎ አገኘሽ
መተማ ዮሐንስ