የስለቱ ፍሬም

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ጥፋቱ የደምሴ ነው፤ የባሌ የመኮንን ታናሽ ወንድም። መኮንን ሳይሞት ለማርያም እሰጣለሁ ብሎ የተሳለውን የሥዕል ፍሬም ደምሴ ዛሬ ቆርጦ ቢገጥመው አራቱም ማዕዘን አፉን ከፈተ። በዓሉ ዓርብ ነው፤ ወደ ደሴቱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ጀልባ ሐሙስ ይነሣል። "ኮላና ሰጋቱራ ለውሼ እደፍነዋለሁ፣ እትዬ" ይለኛል። የስለት ዕቃ ሊደፍን። የመኮንን ማዕዘን ምላጭ አያስገባም ነበር አልሁት። "እዚህ ቤት ከእኔ ይልቅ ሟቹ ይሠራል" ብሎ ወደ ቀበሌ ስብሰባ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

መብራት ጠፍቶ ዋለ። እንጨት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የመጋዙ ጠረጴዛ አጠገብ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ድሮ መኮንን ከፊት ይገፋል፣ እኔ ከኋላ ጣውላውን እቀበላለሁ። "አትጎትቺብኝ፣ ራሱ ይመጣልሻል" ይለኝ ነበር። ሰጋቱራ ሽፋሽፍቴ ላይ ሲያርፍ ይስቃል። ሲመሽ ሐይቁ ዳር ወርደን እንታጠባለን። መሠረተ ትምህርት የገባሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ስሙን ጽፌ አላሳየሁትም። ያንገበግበኛል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

መኮንን ለሠርጋችን ፎቶ የሠራውን ፍሬም ከግድግዳ አውርጄ ደምሴ ፊት አኖርሁት። "ከዚህ ተማር" አልሁት። ገልብጦ አየው። ማዕዘኑን በቢላ ጫፍ ጫር ቢያደርገው ቀለሙ ተነሣ፣ ከሥሩ በኮላ የተለወሰ ሰጋቱራ ረገፈ። ሌላውም ማዕዘን ያው። ደምሴ አልሳቀም። ቢስቅ እሰድበው ነበር።

"እሱም ይቸኩል ነበር፣ እትዬ" አለ ቀስ ብሎ።

ወደ ማሽኑ ሄድን። እንጨቱን አዝምሞ የሚይዘው መሪ ብረት አርባ አምስት ዲግሪ ላይ ነው፤ ግን ይዋሻል። ደምሴ ሁለት ቁርጥራጭ ቆርጦ ማዕዘን መለኪያው ስኳድራ ውስጥ ገጠማቸው፤ በውስጥ በኩል ብርሃን አሳየ። መሪውን በጥቂቱ ነካ አድርጎ ደግሞ ቆረጠ፤ አሁን በውጭ በኩል። ቁርጥራጩ ሊያልቅ ሲል ብርሃኑ ጠፋ። ለስለቱ ፍሬም ያስቀመጥነውን የዋንዛ እንጨት መጋዙን ያስነካው ያን ጊዜ ነው። ትይዩ ጎኖቹ እኩል እንዲወጡ ጠረጴዛው ላይ ማቆሚያ እንጨት በሚስማር መታ። እኔም ከኋላ ተቀበልሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ፍሬሙን በነጠላ ጠቅልለን ወደ ደሴቱ ለሚሻገሩት ቄስ ሰጠናቸው። ከመጠቅለሌ በፊት ማዕዘኑን በጥፍሬ ዳበስሁት፤ ጥፍሬን አይዝም። ጀልባው ሄደ። ደምሴ ዳር ላይ ቆሞ አንድ ቃል ይጠብቃል። "ጥሩ ነው" ማለት አቃተኝ፤ "ምሳ ና" አልሁት።

የሠርጉን ፍሬም እንደተጫረ ሰቅየዋለሁ። መኮንን ይቀየመኝ ይሆን፣ አላውቅም። ከእንግዲህ ግን ሟቹን እያነሣሁ ደምሴን አልገርፈውም።