ውሃ የጠማት ልጅ ናት

እህቴ፣

ለማንም፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬው የማላውቀውን ነገር ልጽፍልሽ ነው። ሰላምታው ግን አይቅርብን። እንዴት ከረምሽ? ልጆችሽ እንዴት ናቸው? ባለፈው ሲያምሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ቆላው ዘንድሮ ዝናብ አገኘ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መካነ ሰላም ጭጋጉ እስከ ቀትር አልነሣ ብሎ ያጠብኩት ልብስ ሳይደርቅ ሦስት ቀን ሰነበተ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ደብዳቤሽን ከወግዲ የመጣው ሹፌር ከጎረቤቴ ከሸህ ሱሌማን ቤት ትቶልኝ ሰኞ ደረሰኝ። ልጅሽ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ እናንተ ጋ ሰባተኛ የለም፤ ሰው ደግሞ ከአሁኑ ዓይኑን ጥሎባታል። እኔ ዘንድ ተቀምጣ እንድትማር ጠየቅሽኝ። “ጋሽ ፈንታው ባይኖሩም ቤታቸው አለ” ብለሻል። ይህችን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጅሽን የምትሰጪያት ለማን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ።

አንቺ ባሌን ፈንታውን ያወቅሽው በሥራው ነው። እኔ ያወቅሁት በሩጫው ነው። ደሴ ኮሌጅ ሲማር የኮሌጁ ሯጭ ነበር። ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ተነሥቶ ኩታበር ድረስ ዳገቱን ሮጦ ይመለሳል። እኔ ያኔ ኩታበር መንገድ ዳር ከእናቴ ጋር ድንች እሸጣለሁ። ሴቶቹ ሁሉ ይስቁበት ነበር። አንዷ “ኧረ ይሄን ልጅ ጅብ ነው የሚያባርረው!” ብትለው ሳይቆም ዞር ብሎ “ጅቡንስ ቀድሜዋለሁ፤ አንቺ ከኋላ ነሽና ተጠንቀቂ!” አላት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እኔም የዚያን ቀን ድንቹን ሳልመዝን ሸጥኩ።

በኮሌጆች ውድድር አንደኛ ወጥቶ ዋንጫ ወሰደ። አዲስ አበባ ያለ ክለብ ጠራው። በሳምንቱ ግን ወግዲ ላይ በዐሥራ ሁለት ዓመቷ የዳሯት ታናሽ እህቱ በወሊድ መሞቷ ተነገረው። ክለቡም ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ለዋንጫ አልሮጠም። እኔን አግብቶ እዚህ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ገባ፤ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ላይ። ደመወዙ የትም አያደርስም። መኪና የማይገባበት ቀበሌ ሁሉ የእሱ ነበር።

አሠራሩን አንቺም በደጃችሁ አይተሽዋል። ፖሊስ ይዞ አይሄድም። ልጅ ሊዳር ነው ሲባል ሸህ ሱሌማንንና ቄስ በእውቀቱን ይዞ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ልክ እንደ ጋብቻ ሽማግሌ በጠዋት ደጅ ይቆማል። “ግቡ፣ ተቀመጡ” ቢሏቸው “እሺ ሳትሉን አንቀመጥም” ይላሉ። አባትየው ደስ ብሎት የማን ልጅ ሊያገባ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሸህ ሱሌማን ጺማቸውን እየዳሰሱ “ባለ ሰፊ ግቢ ነው። ቆርቆሮ የለበሰ ነው። አራት መቶ ሚስት አለው፤ ወላሂ አንዷንም መትቶ አያውቅም” ይላሉ። ቄስ በእውቀቱ ቀበል ያደርጉና “እኔ ከአንድ በላይ አልፈቅድም ነበር፤ ለትምህርት ቤት ሲሆን ግን ዝም ብያለሁ” ይላሉ። ቤተሰቡ ሲስቅ ቁጣው ይበርዳል። ሽማግሌ ደጅ ቆሞ ባዶውን አይመለስምና ስንቱ ልጁን ለትምህርት ቤት “ሰጥቻለሁ” ብሎ ቃል ገባ። አባትሽም ገብተው ነበር።

ቃሉ ግን አልጸናም። ያጩሽ ሰዎች ተቆጡ። ጥር ላይ፣ ፈንታው ከእናንተ አገር ሲመለስ መንገድ ጠብቀው በድንጋይ መቱት። ዘጠኝ ቦታ ተሰፍቶ መጣ። ከዚያ አስቀድሞ ግን ለአንቺ መንገዱን አስተምሮሽ ነበር። “ቃሉ ከፈረሰ ወደ ቤቴ ነይ፤ ከገበያው በላይ አረንጓዴ በር” ብሎሽ ነበር።

አንቺም መጣሽ።

ቅዳሜ ቀትር ነበር። እሱ ትኩሳት ይዞት ጓዳ ተኝቷል። የሩጫ ጫማውን ደሙን አጥቤ ግንቡ ላይ ለፀሐይ አስጥቼዋለሁ። በሩን ስከፍት አንቺ ቆመሻል፤ ኮንጎ ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ፣ ነጠላሽ በላብ አንገትሽ ላይ ተጣብቆ። “ጋሽ ፈንታው አሉ?” አልሽኝ። እኔም የለም፣ ደሴ ሄዷል፣ ለሳምንትም አይመለስም አልኩሽ። ቃሉ ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። የቀረውን ግን አስቤ ነው ያደረግሁት። ውሃ ሰጠሁሽ፤ ቆመሽ ጠጣሽ። ግንቡን ግንቡን ታያለሽ። ጨው ጭኖ ወደ እናንተ የሚወርደውን ነጋዴ ጠርቼ፣ እናቷ እያለቀሰች ይሆናል፣ አድርስልኝ ብዬ ራሴ አስረከብኩሽ። “እሺ እትዬ” አልሽኝ። ዞር ብለሽም አላየሽኝ።

ስመለስ ፈንታው ነቅቷል። ማን ነበር? አለኝ። ውሃ የጠማት ልጅ ናት አልኩት።

ደግመው መትተው እንዳይገድሉት ፈርቼ ነው ልልሽ እችል ነበር፤ ፈርቼም ነበር። እውነቱ ግን ያ ብቻ አይደለም። ልጅ አላገኘንም። እሱ በየቀበሌው ያለውን የሰው ልጅ ሁሉ እንደ ልጁ ሲያይ፣ ሲርቀኝ፣ ሲደማ፣ በእናንተ ቀንቼ ነበር። አንዷ ብትቀርበትስ ብዬ ነበር። አንዷ አንቺ ሆንሽ።

እሑድ ማለዳ ሸህ ሱሌማን እያለከለኩ መጥተው ሠርጉ ዛሬ ነው አሉ። ፈንታው ራሱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ያን ጫማ አጥልቆ ወጣ። ጮህኩ፤ አልሰማኝም። ሲደርስ ዳሱን እያፈረሱ ነበር። “ሙሽራዋ ከሄደች የአንድ ሰዓት መንገድ ይሆናታል” አሉት። ተከትሎ ቆላውን ሲወርድ የሙሽራው ዘመዶች በዱላ መለሱት። በሦስተኛው ቀን ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደሉን ከእሱ መጻሕፍትና ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ለብቻዬ ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ላስተምርሽ ሲለኝ አፍሬ እምቢ እል ነበር። ማስታወሻ ደብተሩን ያነበብኩት ከሞተ በኋላ ነው። ሯጭ ነውና ወደ እያንዳንዷ ልጅ ቤት የሄደበትን ሰዓት ይጽፍ ነበር፤ ስንት እንደፈጀበት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት መግባቷን። በአንቺ ስም ፊት እንዲህ ይላል፦ “ከቤቴ እስከ ዳሱ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ። በዚህ መንገድ ከዚህ ፈጥኜ ሮጬ አላውቅም። ዘገየሁ።”

በየዓመቱ ጥር ሲገባ አንቺን ያነሣል። “ለምን አልመጣችም ትያለሽ? መንገዱ ጠፍቷት ነው ወይስ አላመነችኝም?” ይለኛል። ተወው፣ የእሷ ዕድል ነው እለዋለሁ። ደሴ ሆስፒታል ተኝቶ በመጨረሻዎቹ ቀናትም ጠየቀኝ። ልነግረው አፌን ስከፍት ውሃ ስጪኝ አለኝ። ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

ለለቅሶው ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጥሽ። “እትዬ፣ ያን ቀን ውሃ ያጠጡኝ እርስዎ ነዎት፤ አላህ ይስጥልኝ” አልሽ። አብሽሩ፣ አይዞዎት ብለሽ እጄን ያዝሽ። ስትነሺ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ “የሩጫ ጫማቸውስ የት ገባ?” አልሽኝ። ሣጥን ውስጥ አለ አልኩሽ። ራስሽን ነቅንቀሽ ሄድሽ። ዓመቱን ሙሉ ያቺን ጥያቄሽን ሳስባት ከረምኩ።

ይናፍቀኛል። አሁንም ማክሰኞ ጠዋት ነቅቼ የእግሩን ድምፅ እጠብቃለሁ። አንቺንም እንደናፈቅሁሽ ብነግርሽ ታምኚኛለሽ? አንዴ ውሃ አጠጥቼሽ፣ አንዴ እጄን ይዘሽ፣ ሌላ አልተገናኘንም። ግን ከእሱ ቀጥሎ እንደ አንቺ ያሰብኩት ሰው የለም።

ጥያቄሽን ልመልስ። ቤቱ ባዶ ነው። የጓዳው መስኮት ብርሃን አለው፤ ለጥናት ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ በወቅቱ ይከፈታል ብለዋል። የሸህ ሱሌማን ሚስት ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፤ ሥጋ የምትበላው እሷ ዘንድ ነው፣ ኢድም እዚያ ነው፣ ሶላቷንም ማንም አያስተጓጉላትም። እኔ ጋ ሽሮና ድንች አይጠፋም። ሽማግሌ ሆኖ የሚመጣ ቢኖር በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ዝግጁ አድርጌያለሁ። ግን እንዲሁ ላኪያት ልልሽ አልችልም፤ አንዴ በውሸት መልሼሻለሁ፣ ሁለተኛ በውሸት አልቀበልሽም።

በሸህ ሱሌማን አፍ ልልክብሽ አስቤ ነበር። እሳቸው ያለዝቡታል። ስለዚህ ጻፍኩት። ደብዳቤሽ የልጅ እጅ ጽሑፍ ነበር፤ ፊደሎቹ ክብ፣ መስመር የማይለቁ፤ ከግርጌው ደግሞ “እማ የነገረችኝን የጻፍኩት እኔ አፍናን ነኝ” ይላል። አንቺ የማታነቢው በማን ምክንያት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። እንግዲህ ይህንንም የምታነብልሽ እሷ ናት። ምንም ሳትዘል ታንብብ። አንብባ ስትጨርስ ደግሞ አንቺ አትወስኝላት፤ እዚህ ቤት መግባት ትፈልግ እንደሆነ እሷ ትናገር። እምቢ ብትል ዘይነባ ትቀበላታለች፤ አነጋግሬያታለሁ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ቆላውን ዝናብ አይንሳው።

የፈንታው ሚስት

ይድረስ፦ ለአፍናን፣ በእጇ