በለስላሳው አፈር ላይ ሊቆም ስለታሰበው አጥር

ለክቡር ኢንጂነር ነውፋል ሺብሊ
የኪርበት ሱማቅ ማዘጋጃ ቤት ሹም

ግልባጭ፦ በመስጊዱ በር፣ በዳቦ ቤቱ መስኮትና በወይራ መጭመቂያው ግድግዳ ላይ ቆመው ለሚያነቡ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደህንነት፣ እንዲሁም የጉልበትዎን ነገር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ፤ የመናፈሻው ሥራ በተጀመረበት ዕለት ሪባኑን ሊቆርጡ ሲራመዱ ጥቂት ሲያነክሱ አይቼ አዝኛለሁና። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን። በዚህች መንደር የጀመረውን ሥራ ሳይጨርስ ያልተነሳ ሹም አይተን ስለማናውቅ፣ ምኞቴ ከልብ መሆኑን እንዳይጠራጠሩ እለምናለሁ።

እኔ ዶክተር ሙንዚር ጠራድ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የአፈር ሳይንስ ያስተማርኩ፣ ለመናፈሻው ሥራ ማዘጋጃ ቤትዎ በባለሙያነት የጠራኝ፣ ከሰባ ዓመት በታች ሆኜ እስካሁን መነጽሬን ያልጣልኩ ሰው። የምጽፍልዎት በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ስለቆፈራችኋቸው ስድሳ አራት የአጥር ጉድጓዶች ነው። በመጪው እሁድ ጠዋት ሲሚንቶ ይሞላባቸዋል ተብሏል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ በፍጥነት አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ማሽኑ አመሰግናለሁ። ቀድሞ በዚህ መንደር አጥር የሚተክል ሰው ሐጅ ዑቅላን ይጠራ ነበር። ሐጅ ዑቅላ ዶማ ይሰነዝራሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ከአፈሩ ቆንጥረው ያሸታሉ፣ አንዳንዴም ምክንያቱን ሳይናገሩ ዕቃቸውን ሰብስበው ሁለት ክንድ ፈቀቅ ይላሉ። በቀን አምስት ጉድጓድ ከቆፈሩ ብዙ ነው። እርስዎ ግን አራት የባትሪ ድሪሎችን፣ ክንድ የሚያክል ጠመዝማዛ ብረት አፋቸው ላይ የተሰካላቸውን፣ አምጥተው የአሥራ ሦስት ቀኑን ሥራ በአንድ ቀን ተኩል አስጨረሱልን። ሐጅ ዑቅላ ቁፋሮው በተጀመረበት ሰኞ በምርኩዝ እየተደገፉ መጥተው ሠራተኞቹን «ልጆች፣ እዚህ ጋ ተዉት» አሏቸው።

«ለምን ሐጅ? ወርቅ ቀብረዋል እንዴ?»

«ወርቅማ ቢሆን ራሴ ቀድሜአችሁ አወጣው ነበር።»

ተሳቀ። እኔም የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ሳቅሁ። ሽማግሌው ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተመለሱ። ስለዚያ ተዳፋት ወንድ አፍ አውጥቶ ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ከዚያ በላይ እንዲናገሩ መጠበቅ አይገባንም ነበር።

፪. ቀጥሎ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ላይ ለተዳፋቱ የተሰጠውን ውብ መጠሪያ እንዳደንቅ ይፈቀድልኝ፦ «የዱር አበባ የበዛበት ባዶ መሬት።» እርስዎ በሕፃንነትዎ ከዚህ ወጥተው ያደጉት በከተማ ስለሆነ ባያውቁ አይፈረድብዎትም፤ የዚህ ደብዳቤ ሌሎች አንባቢዎች ግን ሁሉም ያውቃሉ። በዚህ መንደር ሳያለቅስ የተወለደ ሕፃን ወደ ትልቁ መቃብር አይወሰድም። አያቱ ወይም አክስቱ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልላ ወደ ምሥራቁ ተዳፋት ትወስደዋለች፤ ቀብራው ስታበቃ ድንጋይ ሳይሆን ሰውሰን የምንለውን ነጭ አበባ ሥር ትተክልበታለች። ስም አይወጣለትም። አባት ቦታውን አይጠይቅም። እናት ታውቃለች፣ አትናገርም። በየመጋቢቱ ተዳፋቱ በነጭ ሰውሰን ይሸፈናል፤ እኛ ወንዶች በመንገዱ ስናልፍ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር» እንላለን።

ያ የዱር አበባ አይደለም ክቡርነትዎ። እያንዳንዱ ሥር በሰው እጅ የተተከለ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሠራተኞቹ ከጠመዝማዛው ብረት ላይ በቢላ እየፋቁ ሲጥሉት የነበረው እሱ ነው። የተቆራረጠው ሥር ሽታ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ደርሶ ነበር። ሊገዙ የመጡት ሴቶች ዳቦአቸውን ጠረጴዛው ላይ እየተዉ ወጡ፤ ዳቦ ጋጋሪው ምን እንዳስቀየማቸው እስካሁን ይጠይቃል።

፫. ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ባለቤቴ ኡም ያማን ናት። ከልጃችን ከያማን በፊት አንዲት ልጅ ነበረችን። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሳታለቅስ ተወለደች። በዚያ ቀን እኔ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ነበር። እናቴ ከቁም ሳጥኔ ነጭ ሸሚዝ አውጥታ ስትሄድ አየሁ። ማታ ሸሚዙ የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁ፤ «ለሌላ ጉዳይ ዋለ» አለችኝ፤ እኔም ወደ ፈተናዬ ተመለስኩ። በዚህ ጉዳይ በሕይወቴ የጠየቅሁት ጥያቄ ይኸው ስለ ሸሚዝ ብቻ ነው።

እናቴ ከመሞቷ በፊት ለኡም ያማን ልኩን ነግራት ነበር፦ ከአሮጌው የወይራ መጭመቂያ ድንጋይ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ አርባ ሁለት እርምጃ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኡም ያማን አብሬያት እንድሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠራችኝ። እናቴ አጭር ሴት ነበረች፤ ባለቤቴ ረጅም ናት። እርምጃዋን አሳጥራ፣ እንደ አሮጊት እየተራመደች ቆጠረች። አርባ ሁለተኛው እርምጃ በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ መሐል ላይ ጣላት። ተንበረከከች። እጇን እስከ ትከሻዋ ወደ አንዱ አስገባች፤ ቀጥላ ወደ ሌላው።

«ያኛው ሞቅ ይላል፣ ይሄኛው ቀዝቃዛ ነው» አለችኝ።

እኔ፣ የተማርኩት ሰው፣ ስለ ጥላና ስለ እርጥበት አስረዳኋት። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ጨርቅም ሆነ የአራስ አጥንት እንደማይገኝ፣ ስለዚህ ማሽኑ የነካው ነገር እንደሌለ በቀስታ ነገርኳት።

«ምንም ከሌለ» አለችኝ፣ «ለምን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ትነግረኛለህ?»

በሆዴ ተኝቼ በባትሪ ብርሃን ሁለቱንም ጉድጓድ መረመርኩ። በዶማና በአካፋ የተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳው ይነበባል፤ አፈሩ ከዚህ በፊት ተከፍቶ እንደነበር፣ እስከምን ጥልቀት እንደተከፈተ፣ ሰው እንደ ደብዳቤ ያነበዋል። ጠመዝማዛው ብረት ግን እየዞረ ሲወጣ ግድግዳውን ሸክላ ሠሪ እንደዳበሰው ገንቦ ለስኖት ይወጣል። ምንም አይነበብም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ስበላም መንገድ ስሄድም ያንን ለስላሳ ግድግዳ አያለሁ፤ ብርጭቆ አንስቼ ውስጡን ስመለከት እንኳ እሱን አያለሁ። ለዚህም ማሽን በድጋሚ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፬. አሁን ወደ ሙያዬ ልግባ። አጥራችሁ ቀጥ ያለ አይደለም። በካርታው ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ በመሬቱ ላይ ግን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ይጠማዘዛል። ረቡዕ ዕለት ቢሮዎ መጥቼ ይህን ስነግርዎ ፈገግ ብለው «ዶክተር፣ ካርታው ላይ እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል እኮ» አሉኝ። ትክክል ነዎት። ከሁሉም በላይ የማመሰግንዎ ስለዚህ ፈገግታ ነው፤ ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገዱ ሁሉ አብሮኝ ሄዷልና።

መስመሩ የተጠማዘዘበትን ምክንያት ለአንባቢዎቻችን ልግለጽ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሠራተኞቹን በድሪሉ አጠቃቀም ያሠለጠንኳቸው እኔ ነኝ። ሁለቱንም እጀታ ያዙ፣ እግራችሁን ከፈት አድርጉ፣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፣ በየጊዜው አውጥታችሁ አፈሩን አራግፉ አልኳቸው። ብረቱ ከድንጋይ ጋር ከተጋጠመ ማሽኑ ራሱ ይዞርና የእጃችሁን አንጓ ይሰብራል፤ ስለዚህ አትታገሉት፣ ድምፁን አዳምጡ፣ ካቃሰተ ተዉት አልኳቸው። ከመካከላቸው ሻፊቅ የሚባለው «ታዲያ የት እንቆፍር ዶክተር? ይሄ ተራራ ድንጋይ ብቻ ነው» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም በእርሳሴ እያመለከትኩ እንዲህ አልኩ፦ «ነጩ አበባ ወዳለበት ግማሽ እርምጃ ፈቀቅ በሉ። አበባው ባለበት ሁሉ አፈሩ ለስላሳ ነው።»

በድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ ክንድ በሚያህል ስፋት፣ እዚህም እዚያም ለስላሳ አፈር ለምን እንደተገኘ አልጠየቅሁም። ሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን «አፈር በራሱ አይለሰልስም፣ ያለሰለሰውን ፈልጉ» እያልኩ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ይህን ጥያቄ በፈተና ላይ መመለስ ያልቻለ ተማሪ ጥያለሁ።

ሰኞና ማክሰኞ ቆሜ አዳምጫለሁ። ድሪሉ በድንጋይ ላይ ያቃስታል፤ ለስላሳ ሲያገኝ ግን ድምፁ ይቀላል፣ እንደ መዘመር ይላል። «ቅቤ ነው! ቅቤ ነው!» ይል ነበር ሻፊቅ። መቁጠር ልማዴ ስለሆነ ቆጠርኩ፦ ከስድሳ አራቱ ሃያ ሦስቱ ቀላል ነበሩ። ማክሰኞ ማታ ሴቶቹ በእኛ ቤት ተሰብስበው በሹክሹክታ ሲቆጥሩ ተዳፋቱ ላይ ያሉት ሠላሳ አንድ ሆኑ። እንግዲህ ስምንቱ አልተነኩም ማለት ነው። የትኞቹ ስምንት እንደሆኑ ማንም አያውቅም። አሁን በዚህ መንደር ሠላሳ አንድ ቤት ውስጥ እያንዳንዷ ሴት የእኔ ከስምንቱ ይሁን ብላ ትለምናለች፤ ይህም የጎረቤቷ ከሃያ ሦስቱ ይሁን ማለት መሆኑ ስለሚገባት፣ በመንገድ ሲገናኙ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። አብረው ያረጁ ሴቶች ናቸው። ይህን ያደረግነው እርስዎና እኔ ነን፤ እርስዎ በማሽን፣ እኔ በእርሳስ።

፭. ሲሚንቶው። ክቡርነትዎ ረቡዕ ዕለት «አበባ ነው ዶክተር፣ አጥሩ ሲያልቅ ጽጌረዳ እንተክልበታለን» ብለው አጽናንተውኛል። ስለ ጽጌረዳው አላህ ይስጥልኝ። ነገር ግን አፈር ተከፍቶ ሊዘጋ ይችላል፤ የደረቀ ሲሚንቶ ግን በዶማ ተሰብሮ እንጂ አይወጣም፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ዙሪያውን ሁሉ መቆፈር ግድ ነው። እሁድ ከሞላችኋቸው ስህተታችንን ማረም የምንችለው ሁለተኛ ጊዜ በመሳሳት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ የእሁዱን የሲሚንቶ መኪና ያስቀሩልን። ጉድጓዶቹን ሴቶቹ በእጃቸው ይድፈኗቸው፤ የወጣው አፈር በየጉድጓዱ አፍ እንደተከመረ ነው፣ ማንም አላነሳውም፣ ሻፊቅም ነገሩን ከሰማ ወዲህ በዚያ በኩል አያልፍም። አጥሩ ስድስት ሜትር ወደ ታች ይውረድ፤ እዚያ ድንጋይ ብቻ ነው፣ ማንም እንዳልተኛበት እኔ ሳይሆን ሐጅ ዑቅላ አሽትተው ያረጋግጣሉ። ማሽኑ እዚያ አይሠራም። ስድሳ አራቱንም በዶማና በመዶሻ ልቆፍር ራሴን አቅርቤአለሁ። በቀን አንድ ከቻልኩ በበጋው መጨረሻ እጨርሳለሁ። በባለሙያነት የፈረምኩትን ፊርማ ግን ዛሬ በዚህ ደብዳቤ አንስቻለሁ፦ መሬቱ ባዶ አይደለም።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ከብዙ ሥራዎ መካከል ጊዜ ሰውተው ስላነበቡልኝ፣ ወይም ሌላ ሰው አንብቦ ስለሚነግርዎ፣ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጉልበትዎን ይማርልዎ፤ ወደ ተዳፋቱ ለመውጣት ያስፈልግዎታልና።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ የማዘጋጃ ቤትዎ የቀድሞ ባለሙያ፣ በአክብሮት ብዛት አንገቱን የደፋ፣ ከእናቷና ከአያቷ በቀር ማንም ያላያት ልጅ አባት መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የሚያረጋግጥ፣

ዶክተር ሙንዚር ጠራድ (አቡ ያማን)
ኪርበት ሱማቅ፣ ሐሙስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ወደ መስጊዱ በር ልወስድ ስል ኡም ያማን ከተዳፋቱ ልካብኝ ደርሼ መጣሁ። እናትዎ ሐጃ ወጥፋ እህታቸው ቤት ያሉ መስሎዎት እንዳይሆን አሳውቅዎታለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ በአርባኛው ጉድጓድ አጠገብ እርጥብ አፈር ላይ ተቀምጠዋል። «ሐጃ፣ ይነሱ እንጂ፣ ብርድ ይመታዎታል» ብንላቸው፣ «ከነውፋል በፊት የነበረው ነው። አባቱ አልጠየቀኝም፣ እሱም አልጠየቀኝም። እስኪጠይቀኝ እዚሁ ነኝ» አሉን። ወንበር አምጥተንላቸው እምቢ ብለዋል፤ ከእርስዎ እጅ ከሆነ ይቀበሉ ይሆናል። እሁድ የግድ ነው ካሉ ደግሞ፣ የሲሚንቶው መኪና ወደ ኋላ አፈግፍጎ የሚቆመው ልክ እርሳቸው የተቀመጡበት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ለሾፌሩ አስቀድመው ቢነግሩት መልካም ነው።