በጆሮ የተመረጠ መጽሐፍ

ሰኞ፣ ኅዳር 4

ትምህርት ቤት ሕፃናቱን አስተምሬ ስጨርስ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ቤት ጎራ አልኩ። እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ብርሃንን የሚያዳምጥ ይመስለኛል...

የድሮ አለቃው ደውሎለታል። በአዲሱ ፍሬምወርክ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ከቻለ ሥራው ይመለስለታል።

«ፍሬምወርክ ደግሞ ምንድነው?»

«ምሰሶና ጣሪያው ቆሞ የሚሰጥሽ ቤት በዪው። ግድግዳውን አንቺ ትሠሪያለሽ።»

«ታዲያ ተማረዋ!»

«በምን ዓይኔ፣ እታለም?»

ኮምፒውተሩ ያነብለታል፤ ግን መጽሐፍ ሙሉ በዚያ ድምፅ? «ቆርቆሮ ሲያወራ» ይለዋል። እኔ ላነብለትስ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

መጽሐፍ መደብር ሄድን። ክንዴን ይዞ።

ሻጩ ወፍራሙን አመጣ። «ያልያዘው ነገር የለም!» አንድ ገጽ አነበብኩለት። ጋሼ አዛጋ። ሁለተኛው ሥዕል በሥዕል ነው፤ «ከላይ እንደሚታየው»፣ «ከታች እንደሚታየው»...

«ይሄ ለሚያይ ሰው ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሦስተኛው ቀጭን። ሻጩ ራሱ «እትሙ ቆየት ብሏል» አለ። ማንበብ ጀመርኩ። ጸሐፊዋ አጠገቤ ቁጭ ብላ የምታወራ መሰለኝ። ጋሼ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

«ድገሚው እስቲ።»

ደገምኩት።

«ከታተመ ወዲህ የተቀየረውን ጠይቄ እደርስበታለሁ። ይህቺን ሴትዮ ግን እሰማታለሁ። እሷን ውሰጂልን።»

እሑድ፣ ኅዳር 17

ከሰዓቱን ሙሉ አነበብኩ። ቅንፍ ክፈት... ቅንፍ ዝጋ... እሹሩሩ የምል ይመስል ክፍሉ ጸጥ አለ። እያነበብኩ በሐሳቤ ሄድኩ፣ ወደዚያ ምሰሶና ጣሪያ ብቻ ወዳለው ቤት። ነፋስ ይገባል። አንዱን ግድግዳ አቆምኩ፣ መስኮትም አወጣሁለት...

«እታለም! ተኛሽ እንዴ?»

አልተኛሁም። ገብቶኝ ነው። ለካ ገብቶኛል!

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

ጋሼ ተቆጣ። የጻፈው ፕሮግራም አንዱን ገጽ አልከፍትም ብሎት ዋለ። «ተይው፣ ከእንግዲህ እኔ ለዚህ አልሆንም።» ከፍቶኝ ወጣሁ።

አውቶቡስ ውስጥ የጸሐፊዋ ዓረፍተ ነገር መጣልኝ። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ገጹን መጀመሪያ ካላስመዘገብከው ፍሬምወርኩ አያውቀውም ብላ ነበር እኮ። አስመዝግበኸዋል?»

በስልኩ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ኳኳታ። ከዚያ...

«ተከፈተልኝ! አንቺ ልጅ፣ ተከፈተልኝ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እያለቀስኩ ነበር ለካ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

አለቃው የሰጠውን ፈተና አለፈ። ዛሬ ሥራ ገባ። ሸሚዙን እኔ ተኮስኩለት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 15

ጋሼ ከባልደረቦቹ ጋር ወጥቷል። ደስ ብሎኛል። ታዲያ ከሰዓቱ ለምን እንዲህ ረዘመብኝ?

እግሬ መደብሩ አደረሰኝ። ሌላ መጽሐፍ መረጥኩ፣ ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር የተጻፈ። ሥዕሉ ብዙ ነው፤ ይሁን፣ እኔ አያለሁ።

«ለወንድምሽ ነው?» አለኝ ሻጩ።

«ለእኔ።»

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። የመጀመሪያውን ገጽ ለጋሼ እንደማነበው ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩና አፍሬ አቆምኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ በልቤ...