ለአበባ የማንጎራጉርላት ዘፈን

ሮም፣ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018

ምሳ ላይ የልጅ ልጄን ሶስናን ላበሽቃት ብዬ ያንን የድሮ የአሜሪካ ካንትሪ ዘፈን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። ዘፋኙ እንደ ፍየል ነው የሚጮኸው ትላለች። በወጣትነቴ አስመራ ከነበረው የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ሬዲዮ የለመድኩት ነው። እንግሊዝኛው አይገባኝም። ዜማው ግን የፍቅር ስለመሰለኝ ለባለቤቴ ለአበባ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እስከ መጨረሻዋ ድረስ ዘፈንኩላት።

ዛሬ ሶስና ግጥሙን አዳመጠችና ሹካዋን አስቀመጠች።

«ኖኖ፣» አለችኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ «ምን እንደሚል ያውቃሉ?»

«ቆንጆ ነሽ ይልሻል።»

«እኛን ጥቁሮቹን ነው የሚሰድበው። ትራም ላይ የሚወረውሩብንን ስድብ ነው የሚለው።»

«አሎራ፣ እንግዲህ፣ ዘፋኙ ሞቷል፣ እኔ አለሁ። ታዲያ ማን አሸነፈ?»

አልሳቀችልኝም።

«ኖና አበባ ሲሰሙት ምን ይሉ ነበር?»

«ድገምልኝ ትለኝ ነበር» አልኳት።

ከሄደች በኋላ ሳህን ሳጥብ ዜማው ሳልጠራው መጣ። ሶስና ያሳየችኝ ስድብ ያለበት ቦታ ላይ ስደርስ አፌን ያዝኩ። በሚመጣው እሑድ መቃብሯ ጋ እሄዳለሁ። እዚያ ስቀመጥ ሁልጊዜ እሱን ነው የማንጎራጉርላት። ሌላ ዘፈን ደግሞ አላውቅም።